“ቅዱስ” ስንል ምን ማለታችን ነው?

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



አንዳንድ ወንድሞችና እህቶች “ቅዱስ” የሚለው ቃል የሌላ እምነት ቃል እየመሰላቸው ሲናገሩት ቅር ይላቸዋል። በሌላ በኩል “ቅዱስ ቁርኣን” የማንል የለንም። ለመሆኑ ቃሉ የማን ነው? ትርጉሙስ ምንድን ነው?

“ቀደሰ” የሚለው ሥር ዐረብኛ፣ ግዕዝና ዕብራይስጥ የሚጋሩት ነው። በዐረብኛ መሠረቱ መንጻትና መጥራት ነው። የሒጃዝ ሰዎች የውሃ ባልዲን “ቀደስ” ይሉት እንደነበር የቋንቋ ሊቃውንት ጽፈዋል፤ ሰው በእርሱ ውሃ ይነጻበታልና።

በቁርኣን ውስጥ ይህ ሥር የሚገኘው አሥር ጊዜ ብቻ ነው። “አል-ቁዱስ” ከአላህ (ሱ.ወ.) ስሞች አንዱ ሲሆን ከጉድለት ሁሉ የጠራ ማለት ነው (አል-ሐሽር 23፣ አል-ጁሙዓህ 1)። ጂብሪል “ሩሑል ቁዱስ” ተብሏል (አን-ነሕል 102)። ሙሳ (ዐ.ሰ.) ጫማቸውን እንዲያወልቁ የታዘዙበት የጡዋ ሸለቆም በዚሁ ቃል ተጠርቷል (ጣሃ 12)። ቁርኣን ግን ራሱን ከሪም፣ መጂድ፣ ሐኪም፣ ሙባረክ ይላል። “ቅዱስ ቁርኣን” የሚለው አጠራር በአገራችን ይበልጥ የጸናው በ1961 ዓ.ም የታተመው የአማርኛ ትርጉም በዚህ ርዕስ ስለወጣ ነው። ንጹሕና የጠራ ማለታችን እስከሆነ ድረስ ነውር የለበትም።

አንድ ነገር ልብ እንበል። ከአሥሩ ቦታዎች በአንዱም ላይ ይህ ቃል ለሰው መጠሪያ ሆኖ አልመጣም።

ይህን የሚያስረዳ ታሪክ አለ። ሮማውያን ኢሊያ ይሏት የነበረችው ከተማ በዑመር (ረ.ዐ.) ዘመን፣ በ637 እ.ኤ.አ. ገደማ፣ በሙስሊሞች እጅ ገባች። እነርሱም በይተል መቅዲስ፣ ኋላም አል-ቁድስ አሏት። በሻም ዳኛ የነበሩት አቡ ደርዳእ (ረ.ዐ.) ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ወንድም ላደረጓቸው ለሰልማን አል-ፋሪሲ (ረ.ዐ.) “ወደ ተቀደሰችው ምድር ና” የሚል መልእክት ላኩ። ሰልማንም፣ ኢማም ማሊክ በሙወጠእ እንደዘገቡት፣ ምድር ማንንም እንደማትቀድስ፣ ሰውን የሚቀድሰው ሥራው እንደሆነ መለሱላቸው። ቀጥለውም በዳኝነታቸው ሰው እንዳይበድሉ አስጠነቀቋቸው። ከዚያ በኋላ አቡ ደርዳእ ፈርደው ባለጉዳዮቹ ሲሄዱ መልሰው ይጠሯቸውና ጉዳያቸውን እንደገና ያሰሟቸው ነበር።

እንግዲህ በየቤታችን እንጠያየቅ። ሙስሐፉን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለን ከፍ ካለ ቦታ አስቀምጠን “ቅዱስ” እንለዋለን። ማክበሩ መልካም ነው። ነገር ግን አውርደን ካላነበብነው፣ የጎረቤታችንን ሐቅ ካልጠበቅን፣ በሚዛናችን ካልታመንን፣ ስሙን መጥራታችን ምን ይጠቅመናል?

አላህ ሥራችንን ያጥራልን። አሚን። ወሏሁ አዕለም።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።