መብራት ሲጠፋ ከመድረኩ በላይ የተንጠለጠለው ለምን አይወድቅም?

አዳማ ውስጥ አንድ ትልቅ አዳራሽ ገብታችሁ ተቀምጣችኋል እንበል። መድረኩ ላይ ቴአትር እየታየ ነው። ከተዋናዮቹ ራስ በላይ ግማሽ ቶን የሚመዝን የብረት አግዳሚ፣ መብራቶቹንና ዲኮሩን እንደተሸከመ በሞተር ቀስ እያለ እየወረደ ነው። መንገዱን ሳይጨርስ መብራት ጠፋ። (ይሄ የሚያስገርመው አንባቢ ያለ አይመስለኝም።) ሞተሩ አሁን ጉልበት የለውም። ቁልፍ የነካ፣ ገመድ የያዘ ሰው የለም። ታዲያ ያን ግማሽ ቶን ምን ያዘው?

«ካምቢዮው ነዋ!» የሚል መልስ በብዛት እሰማለሁ፤ ማሽን ከሚያጠኑ ልጆችም ጭምር። ሞተሩንና ገመዱን የሚያገናኘው የማርሽ ሳጥን ከባድ ነው፣ በብረት ጥርስ የተሞላ ነው፣ ሲያዩት ምንም የሚለቅ አይመስልም። ግን በካምቢዮ ላይ እምነት መጣል ሰው ሊገድል ይችላል። ምክንያቱን ለመረዳት መጀመሪያ ወደ አዳማ መንገድ እንውጣ።

አዳማ የጅቡቲ መስመር ከተማ ናት። እዚያ ያደገ ልጅ ተሳቢ መኪና ጥግ ይዞ ሲቆም የሚሰማውን «ፍስስስ» የሚል ድምፅ ያውቀዋል። ሾፌሩ የማቆሚያውን ፍሬን ሲይዝ የሚወጣ አየር ነው። ብዙ ሰው አየሩ ገፍቶ ፍሬኑን የሚያጠብቀው ይመስለዋል። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ፍሬኑን የሚያጠብቀው ውስጥ የታመቀ ኃይለኛ ሞላ ነው፤ የአየሩ ሥራ ሞላውን ወደ ኋላ ገፍቶ መኪናው እንዲሄድ መፍቀድ ነው። አየሩ ሲወጣ ሞላው ይዘረጋል፣ ጎማው ይያዛል። ቱቦ ተበጥሶ አየሩ ቢያልቅም ውጤቱ ያው ነው፤ መኪናው መቆም እንጂ መንሸራተት አይችልም።

በመድረኩ ዊንች ላይ የአየሩን ቦታ ኤሌክትሪክ ይወስዳል። ሞተሩ ጀርባ ላይ ክብ የፍሬን ሸራ አለ፤ ሞላዎች ጨምቀው ይዘውታል። ኤሌክትሪክ ሲመጣ ማግኔት ሞላዎቹን ይስብና ሸራውን ያላቅቀዋል፣ ሞተሩ ይዞራል። መብራት ሲጠፋ ማግኔቱ ይሞታል፣ ሞላው «ቋ» ብሎ ይዘጋል። ለመያዝ ኃይል አያስፈልግም፤ ኃይል የሚያስፈልገው ለመልቀቅ ነው።

ይህ ሐሳብ አሁን ቀላል ይመስላል፤ ሲመጣ ግን ቀላል አልነበረም። አሜሪካዊው ጆርጅ ዌስቲንግሃውስ በ1869 (እ.ኤ.አ) የመጀመሪያውን የባቡር የአየር ፍሬን ሲሠራ አሠራሩ ሁላችንም በመጀመሪያ የምናስበው ዓይነት ነበር፦ ማቆም ሲፈለግ አየር ይላካል፣ አየሩ ፍሬኑን ያጠብቃል። ቱቦው ከተበጠሰስ? ባቡሩ ፍሬን የለውም። በ1872 ነገሩን ገለበጠው፤ ቱቦው ውስጥ አየር ሲኖር ፍሬኑ ክፍት፣ አየሩ ሲጎድል ፍሬኑ ዝግ እንዲሆን አደረገ። ከዚያ በፊት በ1854 ኤሊሻ ኦቲስ ኒው ዮርክ ውስጥ በሕዝብ ፊት በሚያሳየው የዕቃ ማንሻ ላይ ቆሞ ገመዱን አስቆርጧል። ገመዱ ሲወጠር ቀስት ሆኖ የሚቆይ ሞላ ነበረው፤ ገመዱ ሲቆረጥ ሞላው ተዘርግቶ በግራና በቀኝ ባሉት ጥርሶች ላይ ተሰካ። ኦቲስ ሊፍትን የፈጠረ ሰው ተብሎ ይነገርለታል፤ ማንሻ ግን ከእሱ በፊትም ነበረ። እሱ የጨመረው መያዣውን ነው።

ቴአትር ቤቶች ወደዚህ ሐሳብ የደረሱት ዘግይተው ነው። ለረጅም ጊዜ የመድረክ ማሽን ማለት እንጨት፣ ገመድና የሰው ክንድ ነበር። በ1640ዎቹ ቬኒስ ውስጥ መሐንዲሱ ጃኮሞ ቶሬሊ በቴአትሮ ኖቪሲሞ መድረክ ሥር ያሉትን ገመዶች ሁሉ ከአንድ ዘንግ ጋር አገናኘ። ትዕይንት ሲቀየር ዛፉ፣ ቤተ መንግሥቱ፣ ሰማዩ በአንድ ጊዜ ይንቀሳቀሳሉ፤ ይህን ሁሉ የሚያስነሳው አንድ የ15 ዓመት ልጅ ነበር ይባላል። ተመልካቹ አስማት መስሎት ነበር። ያ ገመድ ቢበጠስ ግን ሁለተኛ መያዣ አልነበረም።

ቀጥሎ የተስፋፋው ዘዴ የሚዛን ነው። ዲኮሩ በአንዱ ጫፍ፣ ያንኑ ያህል ክብደት ያለው ብረት በሌላው ጫፍ፣ መሐላቸው ገመድና ፑሊ። ሚዛኑ ከተስተካከለ ግማሽ ቶን በአንድ እጅ ይንቀሳቀሳል። ብሔራዊ ቴአትራችን በ1948 ዓ.ም በንጉሠ ነገሥቱ የብር ኢዮቤልዩ ሰሞን ሲከፈት፣ በዓለም ያሉ አብዛኞቹ ቴአትር ቤቶች አግዳሚዎቻቸውን የሚያንቀሳቅሱት ገና በክንድና በክብደት ነበር። የዚህ ዘዴ አደጋ ያለው ሚዛኑ በሚፈርስበት ሰዓት ላይ ነው። ትዕይንቱ አልቆ ዲኮሩ ሲፈታ አግዳሚው መሬት ጋ ነው፣ ማመጣጠኛው ብረት ደግሞ ጣሪያ ጋ። ዲኮሩን ቀድማችሁ ብትፈቱ ላይ ያለው ብረት ተቃራኒ አጥቶ ይወርዳል፤ አግዳሚው ደግሞ እንደ ወንጭፍ ወደ ላይ ይተኮሳል። ስለዚህ ሲጭኑ ዲኮሩ ይቀድማል፣ ሲያወርዱ ብረቱ ይቀድማል። ሕጉ ይህች ብቻ ናት፤ የምታርፈውም ደክሞት ወደ ቤቱ መሄድ በፈለገ ሠራተኛ ትዝታ ላይ ነው።

የማሽን ዘመን የገባው በእሳት ነው ማለት ይቻላል። በ1881 ቪየና ውስጥ ሪንግቴአትር ተቃጥሎ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች አለቁ። ከዚያ በኋላ «አስፋሌያ» የሚባል የመድረክ አሠራር ተነደፈ፤ ቃሉ ግሪክኛ ነው፣ ትርጉሙም ደኅንነት። እንጨቱን በብረት፣ ክንዱን በውኃ ግፊት ተካው። በ1884 የተከፈተው የቡዳፔስት ኦፔራ በዚህ ዘዴ ተሠርቷል። ከውኃው በኋላ ኤሌክትሪክ መጣ፣ ከኤሌክትሪኩ ጋር ካምቢዮው።

ካምቢዮ ለምን እንዳስፈለገ በቁጥር እንየው፤ ሒሳቡ ቀላል ነው። የተለመደ የኤሌክትሪክ ሞተር በደቂቃ 1,450 ጊዜ ገደማ ይዞራል። ገመዱ የሚጠቀለልበት ማጠንጠኛ ወርዱ 30 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ በአንድ ዙር ወደ 94 ሳንቲ ሜትር ገመድ ይስባል። ሞተሩን በቀጥታ ብትገጥሙት ዲኮሩ በሰከንድ ከ22 ሜትር በላይ ይፈነጠራል፤ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው። መሐል ላይ ፍጥነቱን 100 ጊዜ የሚቀንስ ካምቢዮ ስናስገባ በሰከንድ ወደ 23 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል፤ ለመድረክ የሚሆን እርጋታ ነው። ፍጥነቱ 100 ጊዜ ሲቀንስ የማዞር ጉልበቱ ደግሞ 100 ጊዜ ገደማ ይጨምራል። ግማሽ ቶኑ ማጠንጠኛው ላይ 735 ኒውተን ሜትር ሲጠይቅ ሞተሩ ላይ የሚደርሰው ሰባት ከምናምን ብቻ ነው (ሰበቃው የሚበላውን ትተን)።

አንድ ዓይነት ካምቢዮ ደግሞ ተጨማሪ ጉራ አለው። ውስጡ እንደ ቡሎን የተጠማዘዘ ዘንግ አለ፤ ፈረንጆቹ «ትል» ይሉታል። ትሉ ሲዞር ባለ ጥርሱን ጎማ ይገፋዋል፤ ጎማው ግን ትሉን መልሶ ማዞር ያቅተዋል። ጊታር ያለው ጓደኛ ካላችሁ ይህን ማሽን በእጃችሁ ልትነኩት ትችላላችሁ። የጊታሩ መቃኛ ቁልፍ ሥር ያለችው ትንሽ ጥርስና ትል እሷ ናት፤ ጣታችሁ ክሩን ይወጥራል፣ ክሩ ግን ቁልፉን አይመልሰውም። ክራር እንዲህ ያለ ነገር የለውም። ቀንበሩ ላይ ክሩን የሚይዘው ሰበቃ ብቻ ስለሆነ ክራር ደርዳሪ በየመሐሉ ሲቃኝ ታዩታላችሁ።

«እንግዲያውስ ትሉ ከያዘ ፍሬን ለምን?» ጥሩ ጥያቄ ነው። ችግሩ ትሉም ቢሆን የሚይዘው በሰበቃ መሆኑ ነው፤ ከክራሩ የሚለየው በመጠን ብቻ ነው። ሰበቃ ደግሞ ሊታመን የማይችል ጸባይ አለው። የቆመን ነገር አጥብቆ ይይዛል፣ መንቀሳቀስ ከጀመረ ግን ይላላል። አዲስ ዘይት ሲገባ ይቀንሳል። ጥርሱ ባገለገለ ቁጥር ይለሰልሳል። ማሽኑ ከተንቀጠቀጠ (ኮንሰርት ላይ ባሱ ምን እንደሚያደርግ ታውቃላችሁ) የቆመው ትል ቀስ በቀስ ሊሾልክ ይችላል። ዛሬ የያዘ ካምቢዮ ከሦስት ዓመት በኋላ በዚያው ቦታ ላይይዝ ይችላል፤ ከውጭ ሲያዩት ግን ያው ነው። ላብራቶሪ ውስጥ ከማውቃቸው ነገሮች ሁሉ ይሄ ይበልጥ ያስፈራኛል።

ስለዚህ ፍሬን ይኑር። ግን የት? እውነተኛው ክርክር እዚህ ጋ ነው። ሞተሩ ጀርባ ላይ ከተቀመጠ ሰባት ኒውተን ሜትርን መያዝ ይበቃዋል፤ ትንሽ ነው፣ ርካሽ ነው። ማጠንጠኛው ላይ ከተቀመጠ ከመቶ እጥፍ ጋር ይታገላል፤ ትልቅና ውድ ይሆናል። ነጋዴም መሐንዲስም የመጀመሪያውን ይመርጣል። ከዚያ አንድ ቀን ካምቢዮው ውስጥ ያለ ዘንግ ይሰበራል። ፍሬኑ ሞተሩን በታማኝነት ጨምቆ ይዟል፤ ሞተሩ ግን ከጭነቱ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። ፍሬኑ ሳይበላሽ ዕቃው ይወድቃል!

መፍትሔው በአገራችን ከሞተር በፊት ጀምሮ የሚታወቅ ነው። ትግራይ፣ ደብረ ዳሞ። ስድስተኛው ክፍለ ዘመን ላይ እንደተመሠረተ የሚነገርለት ገዳም ገደል ላይ ነው፤ መግቢያው 15 ሜትር ገደማ የሚሆን ቀጥ ያለ ዓለት ነው። ወጪው በተገመደ ጠፍር ላይ በእጁና በእግሩ ይወጣል። ነገር ግን ወገቡ ላይ ሌላ ጠፍር ይታሰራል፤ ያንን ከላይ ያለ መነኩሴ እየሰበሰበ ይስባል። አንዱ የሚወጡበት፣ ሌላው የሚይዝ። ሁለቱ አንድ ላይ አልተቋጠሩም፣ አንድ እጅም አይዛቸውም።

የዛሬው የመድረክ ዊንች ሕግ መንፈሱ ይኸው ነው። በአውሮፓ በ2020 የወጣው ኢኤን 17206 የሚባለው ደረጃ ለመድረክ ማሽኖች የተጻፈ ነው። ሰው ከሥር በሚቆምበት ቦታ የተለመደው አሠራር አንዳቸው ከሌላቸው ነፃ የሆኑ ሁለት ፍሬኖች ማድረግ ነው፤ እያንዳንዳቸው ጭነቱን ብቻቸውን መያዝ ይችላሉ። ሁለተኛው ማጠንጠኛው ላይ ካልሆነ፣ መሐል ያለው ካምቢዮ ከሚፈለገው እጥፍ ጠንካራ ሆኖ መሠራት አለበት። ሁለቱ ፍሬኖች ለየብቻ ሊፈተኑ መቻላቸውም ወሳኝ ነው፤ አንዱ ሞቶ ሌላው ብቻውን ሲሠራ ማንም ሳያውቅ እንዳይከርም። ሌላም አለ፦ ማጠንጠኛው ከተፈቀደለት ፍጥነት ካለፈ ፍሬኑ የሰው ትእዛዝ ሳይጠብቅ ይዘጋል።

የፍጥነቱ ነገር በስምጥ ሸለቆ መራራ ምሳሌ አለው። ከአዳማ በድሮው የባቡር መስመር ወደ ምሥራቅ ስትወርዱ አዋሽ ትደርሳላችሁ። በጥር 1977 ዓ.ም እዚያ አካባቢ በኩርባ ድልድይ ላይ ባቡር ከሐዲዱ ወጥቶ ወደ ሸለቆው ገባ፤ ከ400 በላይ ሰዎች ሞቱ። በምክንያትነት የተጠቀሰው ኩርባው ላይ ፍጥነቱ አለመቀነሱ ነው። ባቡርና ዊንች የተለያዩ ማሽኖች ናቸው፤ ግን ብዙ ሕይወት በአንድ እጅ ላይ ሲንጠለጠል ምን ማለት እንደሆነ ከዚያ ቀን በላይ የሚያሳይ አላውቅም። ፍጥነቱን ራሱ ለክቶ የሚዘጋ መሣሪያ የሚገባው እንዲህ ላለው ቦታ ነው።

አሁን ወደ አዳማ ተመልሰን ቀና እንበል፤ ወደ ኮረብታዎቹ። የነፋስ ተርባይን ማለት በግርድፉ የተገለበጠ ዊንች ነው። ዊንች ፈጣኑን ሞተር 100 ጊዜ ያዘገየዋል፤ በደቂቃ ከ15 እስከ 20 ጊዜ የሚዞሩ ክንፎች ደግሞ ጄነሬተሩን ለማዞር 100 ጊዜ ገደማ መፍጠን አለባቸው። አዳማ ላይ ለዚህ ሁለት መልስ ጎን ለጎን ቆሟል። በ2012 (እ.ኤ.አ) የተጠናቀቀው አዳማ አንድ 34 የጎልድዊንድ ተርባይኖች አሉት፣ 51 ሜጋ ዋት፤ እነዚህ ጭራሽ ካምቢዮ የላቸውም፣ ጄነሬተራቸው ሰፊ ሆኖ ከክንፎቹ ጋር እኩል ቀስ ብሎ ይዞራል። በ2015 የተመረቀው አዳማ ሁለት 102 የሳኒ ተርባይኖች አሉት፣ 153 ሜጋ ዋት፤ እነዚህ ባለ ካምቢዮ ናቸው።

ባለ ካምቢዮ ተርባይን ላይ የሸራ ፍሬኑ በተለምዶ የሚቀመጠው የት ይመስላችኋል? በፈጣኑ ዘንግ ላይ፣ ጉልበቱ ትንሽ በሆነበት። ልክ እንደ ርካሹ ዊንች። ካምቢዮው ከተሰበረ ታዲያ እዚያም ምንም አይዝም። ስለዚህ ተርባይን ሠሪዎች ዋናውን የማቆም ሥራ ለሸራው አልሰጡትም፤ ሦስቱ ክንፎች እያንዳንዳቸው ለየብቻ ዞረው ነፋሱን እንዲያሳልፉ አድርገዋል። መስመሩ ላይ ኃይል ሲጠፋ ክንፎቹ በራሳቸው መጠባበቂያ ኃይል ይዞራሉ፤ አንዱ ክንፍ እምቢ ቢል እንኳን ሌሎቹ ያዘገዩታል። በፈጣን መንገዱ ወደ አዳማ ስትገቡ የቆመ ተርባይን ካያችሁ ክንፎቹን አስተውሉ፤ ቀጭን ጎናቸውን ለነፋሱ ሰጥተው ታገኟቸዋላችሁ።