አዞ ሐረግ እና የፍራንክፈርቱ ሰው

በደብረ ታቦር ዙሪያ፣ እስከ ጉና ተዳፋት ድረስ፣ በቁጥቋጦና በአጥር ላይ ተንጠላጥሎ የሚያብብ ነጭ አበባ አለ፤ አዞ ሐረግ ይባላል። አደይ አበባ ለመስቀል ሲሽቀዳደም እርሱ አይቸኩልም። ቅጠሉን ከግንዱ በሚያያይዘው ቀጭን ዘንግ የሌላውን ቅርንጫፍ እየጨበጠ ይወጣል፤ ፍሬውም ላባ የመሰለ ጭራ አውጥቶ በነፋስ ይበተናል።

የሳይንስ ስሙ «ክሌማቲስ ሲመንሲስ» ነው፤ «የሰሜን ተራራው» እንደ ማለት። ታሪኩ እንዲህ ነው። የፍራንክፈርቱ ተጓዥ ኤድዋርድ ሩፐል እ.ኤ.አ. በ1832 ሰሜንን አቋርጦ ጎንደር ገባ። ጊዜው ደብረ ታቦር የየጁ ራሶች መቀመጫ የነበረችበት፣ ዳግማዊ ራስ አሊ ገና በልጅነታቸው የተሾሙበት ዘመነ መሳፍንት ነው። ሩፐል ወደ አገሩ ካመጣቸው ዕፀዋት መካከል ይህን ሐረግ ጆርጅ ፍሬዘኒየስ የተባለ የዕፀዋት ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1837 በዚያ ስም አሳተመው። የሰሜኑ ቀይ ቀበሮም በሳይንስ ስሙ «ሲመንሲስ» ነው፤ እርሱን የሰየመው ሩፐል ራሱ ነው። በዋልያና በጭላዳ ስም ውስጥ ግን የአገሬው ቃል ገብቶ ቀርቷል። አዞ ሐረግ ይህ ዕድል አልደረሰውም፤ እኔን የሚቆጨኝም ይኸው ነው።

ሩፐል የወሰደው ተክል ብቻ አልነበረም፤ የብራና መጻሕፍትም ወስዶ ለፍራንክፈርት ቤተ መጻሕፍት ሰጥቷል። የብራና ጸሐፊዎቻችን በገጹ ራስጌ የሚስሉትን ጥልፍልፍ ጌጥ «ሐረግ» ይሉታል። የትውልድ ቆጠራውም ሐረግ ነው፤ በሰዋስውም ሐረግ አለ። ይህን ሁሉ የተሸከመ ቃል በላቲኑ ስም ውስጥ ቦታ አጣ።

በአውሮፓ ዘግይተው የሚያብቡት የክሌማቲስ ዝርያዎች በገንዘብ እየተገዙ በየጓሮው ይተከላሉ። አትክልተኞቹ በክረምታቸው ማብቂያ እስከ ታች ይቆርጧቸዋል፤ የሚያብቡት በዓመቱ አዲስ ቀንበጥ ላይ ነውና። በእኛ ከተማ ግን አዞ ሐረግን አጥር ሲጸዳ ነቅለን እንጥለዋለን። እኔ በግቢዬ የቆርቆሮ አጥር ሥር አንድ ተክያለሁ። ቆርቆሮ ለጥ ያለ ስለሆነ ዘንጉ የሚጨብጠው ያጣል፤ ስለዚህ ቀጭን ሽቦ ወጠርኩለት። ጭማቂው ቆዳ ስለሚያቃጥል ስቆርጠው ጓንት አደርጋለሁ። ጎረቤቴ እትዬ «አረም ደግሞ በሽቦ ይደገፋል እንዴ?» ይሉኛል፤ ሲያብብ ግን ንቡን ለማየት ብቅ ማለታቸው አይቀርም።