ከጠመኔው በፊት

ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የተከፈተው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲወሳ በቅድሚያ የሚጠቀሱት መፈክሩ፣ ሠልፉና እ.ኤ.አ. በ1980 ከዩኔስኮ የተገኘው ዓለም አቀፍ ሽልማት ናቸው። የመማሪያው ክፍል እንዴት እንደ ተሰናዳ ግን እምብዛም አይነገርም።

የመጀመሪያው ዙር የተካሄደው በከተሞች ነበር። ወሩ ሐምሌ ነውና በዛፍ ጥላ ሥር ማስተማር አያዛልቅም፤ ደግነቱ ተማሪ ቤቶች ለክረምት ተዘግተው ክፍሎቻቸው ባዶ ነበሩ። ለሕፃናት በተሠራው ዴስክ ላይ አዛውንቱም እናቲቱም ጉልበታቸውን አጥፈው ተቀመጡ። ክፍል ባልበቃበት የቀበሌ አዳራሽ ተጠርጎ ተሰናዳ። ዘመቻው ወደ ገጠር ሲዘልቅ ደግሞ ችግሩ ባሰ፤ አግዳሚ በሌለበት ድንጋይና ግንድ መቀመጫ ሆነ፤ የተጠረበ ሳንቃ በከሰል ጠቁሮ ሰሌዳ ተባለ። ጠመኔ እንደ ጨው ተቆጥቦ ተያዘ፤ መምህሩም እስኪያልቅ በጣቱ ጫፍ እየያዘ ጻፈበት።

ትምህርቱ በ5 ቋንቋዎች ተጀምሮ በኋላ 15 ደረሰ፤ ሁሉም በግእዝ ፊደል የሚጻፉ ነበሩ። መጽሐፉን አትሞ ማዳረስ ብቻውን ሌላ ዘመቻ ነበር ማለት ይቻላል።

ይሁንና ለክፍሉ የተደረገው ትጋት ከክፍሉ በኋላ ላለው ጊዜ አልተደረገም። የንባብ ቤቶች ቢከፈቱም በብዙ ገጠር ደብተሩን የጨረሰው ገበሬ የሚያነበው አጣ፤ የለየውንም ፊደል ቀስ በቀስ ረሳው።