የሣጥን የፀሐይ ምድጃ፦ ንድፉ፣ አሠራሩና ፍተሻው በትምህርት ቤት

የፀሐይ ምድጃ የፀሐይን ብርሃን ወደ ሙቀት በመለወጥ ያለ እሳትና ያለ ኤሌክትሪክ ምግብ የሚያበስል መሣሪያ ነው። በርካታ ዓይነት አለው። ጎድጓዳ አንጸባራቂ ያለው ብርሃንን አንድ ቦታ ላይ ስለሚያከማች ፈጥኖ ያበስላል፤ ዓይንና እጅን ሊጎዳ ስለሚችል ግን ለልጆች አይመከርም። ለተማሪዎች ሥራ የሚስማማው የሣጥን ምድጃ ነው። ዋጋው አነስተኛ ነው፣ ዕቃዎቹ በየሰፈሩ ይገኛሉ፣ የሙቀት ትምህርትንም ከሞላ ጎደል ሙሉውን በተግባር ያሳያል።

የዚህ ምድጃ መነሻ የጄኔቫው ሳይንቲስት ኦራስ ቤኔዲክት ደ ሶስዩር እ.ኤ.አ. በ1767 የሠራው ባለ ብዙ ድርብ መስታወት ሣጥን ነው። ሶስዩር ሣጥኑን ከፍ ካለ ተራራ አናትና ከሥሩ ካለው ሜዳ ላይ አስቀምጦ አነጻጸረ። የተራራው አየር እጅግ ቀዝቃዛ ቢሆንም የሣጥኑ ውስጥ ሙቀት በሁለቱም ቦታ ተቀራራቢ ሆኖ ተገኘ። ይህ ውጤት ለኢትዮጵያ ደጋ ትልቅ ትርጉም አለው፤ ሰማዩ እስከጠራ ድረስ የአየሩ ቅዝቃዜ ምድጃውን ከሥራ አያግደውም። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ደግሞ ባርባራ ከርና ሼሪ ኮል የተባሉ የአሪዞና ሴቶች ማንም ሰው ከካርቶን ሊሠራው የሚችል ምድጃ ነድፈው አስፋፉ። ዛሬ በትምህርት ቤቶች የሚሠራው በአብዛኛው የእነሱን ፈለግ የተከተለ ነው።

አሠራሩ በመስታወት ጠባይ ላይ ያርፋል። የፀሐይ ብርሃን መስታወቱን አልፎ ይገባና ጥቁሩን ወለልና ድስት ያሞቃል። የሞቀው አካል መልሶ የሚረጨው በዓይን የማይታይ ታሕተ ቀይ ጨረር ሲሆን ይህን መስታወት አያሳልፈውም። ከዚያ በኋላ የሣጥኑ ውስጥ ሙቀት የሚወሰነው በሚገባውና በሚያመልጠው መካከል ባለው ልዩነት ነው። ተማሪዎች ብዙውን ጊዜ አንጸባራቂ በመደራረብ ላይ ይጠመዳሉ። ይሁን እንጂ በክዳኑ ዙሪያ የቀረ አንድ ቀጭን ክፍተት የተጨመረውን ብርሃን ጥቅም ሊያሳጣ ይችላል። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ትኩረት የሚገባው የሙቀት ማምለጫዎችን መድፈን ነው።

ንድፉ ከስሌት ቢጀምር ይመረጣል። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። 1 ሊትር ውሃ ከ20 ዲግሪ ወደዚህ ለማድረስ 300 ኪሎ ጁል ያህል ያስፈልጋል። በጠራ ቀን፣ ቀትር ላይ፣ 1 ካሬ ሜትር ቦታ ላይ የሚያርፈው ኃይል ወደ 1,000 ዋት ይጠጋል፤ 50 በ50 ሴንቲ ሜትር የሆነ መስታወት 250 ዋት ያገኛል ማለት ነው። ከዚህ ሩቡ ብቻ ውሃው ዘንድ ቢደርስ 1 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። ተማሪው ይህን ግምት አስቀድሞ ከጻፈ በኋላ የሚያገኘውን ውጤት ከእሱ ጋር ማወዳደር ይችላል።

ግንባታው አንዱ በሌላው ውስጥ የሚገባ ሁለት ካርቶን ይጠይቃል። በመካከላቸው በሁሉም ጎን፣ ከታችም ጭምር፣ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ክፍተት ተትቶ በደረቅ ጭድ፣ በተጨማደደ ጋዜጣ ወይም በሱፍ ይሞላል። እርጥበት የገባበት ሙሌት ሙቀትን ያሳልፋል፤ ፎምም በሙቀት ስለሚቀልጥ አይሆንም። የውስጠኛው ካርቶን ግድግዳ በአሉሚኒየም ፎይል ይለበጣል፤ ወለሉ ላይ ጥቁር የተቀባ ቆርቆሮ በትናንሽ እንጨቶች ላይ ከፍ ብሎ ይቀመጣል። ቀለሙ ሙቀት የሚችል መሆን አለበት፤ ምግብ ከመግባቱ በፊትም ምድጃው ሽታው እስኪጠፋ ባዶውን ፀሐይ ላይ ይዋል። ጥልቀቱ ከድስቱ ጥቂት ከፍ ቢል ይበቃል፤ ከዚያ ካለፈ ግድግዳው ጥላ ያጠላል። መስታወቱ የሚያርፍበት ጠርዝ በጨርቅ ይታሸጋል። ድስቱ ስስ፣ ጥቁርና ክዳን ያለው ይሁን።

ከመስታወቱ ጋር እኩል የሆነ አንድ አንጸባራቂ ከኋላ ይታሰራል። ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ከመስታወቱ ጋር 120 ዲግሪ አድርጎ ማዘንበል ብርሃኑን በመስታወቱ ሙሉ ስፋት ላይ ይመልሳል፤ በንድፈ ሐሳብ ደረጃ የሚገባውን ብርሃን በግማሽ ይጨምራል። አዲስ አበባ ላይ የቀትር ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ከአድማስ ከ57 ዲግሪ በታች ስለማትወርድ አግድም የተቀመጠ መስታወት በቂ ነው። ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ገደማ ግን የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ስለምትሆን የአንጸባራቂው ፊት ወደ ሰሜን መዞር አለበት። አንጸባራቂውን የሚያስተካክል ተማሪ የፀሐይ መነጽር ያድርግ፤ ድስቱንም በጨርቅ ይያዝ።

የሥራው ሳይንሳዊ ዋጋ ያለው በፍተሻው ነው። ባዶ ሣጥን ከፍተኛ ዲግሪ ማሳየቱ ብዙም አይናገርም፤ መለካት ያለበት የተመጠነ ውሃ የያዘ ድስት ነው። ሙቀቱ በየ10 ደቂቃው ይመዘገባል፤ ደመናና ነፋስም አብረው ይጻፋሉ። ሁለት ምድጃዎች ጎን ለጎን ሲፈተሹ ልዩነታቸው አንድ ነገር ብቻ ይሁን፦ አንድ መስታወት ከድርብ መስታወት፣ ጥቁር ድስት ከሚያብረቀርቅ፣ የታሸገ ጠርዝ ካልታሸገ። ምድጃው ከሞቀ በኋላ ወደ ጥላ ተወስዶ ሙቀቱ በምን ፍጥነት እንደሚወርድ መመዝገብ የብክነቱን መጠን በግልጽ ያሳያል። ይህ ፍተሻ ቀላል ሆኖ ሳለ ብዙ ጊዜ መረሳቱ ያሳዝናል።

ምግብ ለማብሰል ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ያለው ጊዜ የተሻለ ነው። ክዳን በተከፈተ ቁጥር ሙቀት ስለሚያመልጥ ማማሰል የማይፈልጉ ምግቦች፣ ለምሳሌ ድንች፣ ሩዝ፣ ምስርና እንቁላል ይመቹታል። ውሃንም ከ65 ዲግሪ በላይ ለጥቂት ደቂቃዎች በማቆየት ከበሽታ አምጪ ተሕዋስያን ማጽዳት ይቻላል። የእንጀራ ምጣድ ግን ወደ 200 ዲግሪ የሚጠጋ ሙቀት ይፈልጋል፤ የካርቶን ሣጥን ምድጃ እዚያ ስለማይደርስ እንጀራ አይጋገርበትም።