የፊኛ ካንሰርና «ንጹሕ» የተባለው ሽንት

የፊኛ ካንሰር ከሴቶች ይልቅ ወንዶችን ሦስት ወይም አራት እጥፍ ያጠቃል። ምክንያቱ ምንድን ነው? የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ ሊቃውንት በየዘመኑ ለዚህ ጥያቄ መልስ የፈለጉበትን መንገድ መመርመር ነው። ዓመታቱ የተጻፉት በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።

የመጀመሪያው መልስ የሰው ሥራ ነበር። በ1895 ሉድቪግ ሬን የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም በፍራንክፉርት በቀለም ፋብሪካ ሠራተኞች ላይ የፊኛ ዕጢ መታየቱን ገለጸ። በ1911 ደግሞ ፈርጉሰን የተባለ ተመራማሪ ይህንኑ በሽታ፥ ቢልሃርዝ በ1851 በካይሮ ካገኘው ትል ጋራ አያያዘው። በፋብሪካው የሚውለውም ሆነ በግብፅ መስኖ ውስጥ ቆሞ የሚያርሰው አብዛኛውን ጊዜ ወንድ ስለ ነበረ፥ ጥያቄው የተፈታ መሰለ። ኋላም ትምባሆ ተጨመረበት። ነገር ግን ሥራና ትምባሆ ከሒሳቡ ሲወጡም ልዩነቱ ፈጽሞ አልጠፋም።

ሌላ ምክንያት እንዳይፈለግ ካደረጉት ነገሮች አንዱ፥ የጤነኛ ሰው ሽንት ባክቴሪያ የለበትም የሚለው እምነት ነው። በ1956 ካስ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም በአንድ ሚሊ ሊትር ሽንት 100,000 ባክቴሪያ መገኘቱን የበሽታ ምልክት አድርጎ ወሰነ። ወሰኑ ለሕክምና ጠቅሟል፤ ሆኖም ከዚያ በታች ያለው ከቍጥር ሳይገባ ቀረ። የተለመደው የላቦራቶሪ ምርመራም በአንድ ቀን የማይበቅለውን ባክቴሪያ አያሳይም ነበር።

በ2012 በአሜሪካ የሎዮላ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በሴቶች ፊኛ የባክቴሪያ ዘር ምልክት አገኙ፤ በ2014ም ብዙ ሽንት ወስደው ረዘም ላለ ጊዜ በማቈየት ባክቴሪያዎቹ ሕያዋን መሆናቸውን አረጋገጡ። በሴቶች ዘንድ ላክቶባሲለስ የተባለው ወገን ይበዛል፤ በወንዶች ዘንድ ግን ብዙውን ጊዜ ሌላ ዓይነት ይገኛል።

ባክቴሪያና ካንሰር መገናኘታቸው እንግዳ ነገር አይደለም። በ1976 ሞራሌስ የተባለ በካናዳ የሚሠራ ሐኪም፥ የሳንባ ነቀርሳ መከላከያ የሆነውን የቢ.ሲ.ጂ. ክትባት ወደ ፊኛ ቢያስገባ ካንሰሩ ቶሎ ቶሎ እንዳይመለስ መርዳቱን ገልጿል። ክትባቱም የተዳከመ ሕያው ባክቴሪያ ነው።

ይህ ሁሉ ሲሆን፥ የባክቴሪያው ልዩነት ለካንሰሩ ልዩነት ምክንያት ነው ብሎ መደምደም ገና አይቻልም፤ ሁለት ነገሮች አብረው መገኘታቸው ብቻ አንዱ ሌላውን ማምጣቱን አያስረዳምና። ታሪኩ ግን አንድ ቁም ነገር ያስተምረናል። በሽታው የወንዶች ነው በመባሉ፥ ሴት ደም ስትሸና ብዙ ጊዜ ተራ የሽንት ቧንቧ ልክፈት ነው ተብሎ መድኃኒት ይሰጣታል፤ ካንሰሩም ሥር ከሰደደ በኋላ ይታወቃል። ስለዚህ ደም የሸናች ሴት ሁሉ፥ መድኃኒቱን ጨርሳም ቢሆን፥ ደሙ ከወዴት እንደ መጣ በጥንቃቄ ልትመረመር ይገባታል።