የከረክ አምባ፦ ቃል ማፍረስ ያፈረሰው ምሽግ

  

በዛሬው የታሪክ ዝግጅታችን ወደ ዮርዳኖስ ይዘናችሁ እንጓዛለን። ከዋና ከተማዋ ከዐማን ተነሥቶ ወደ ደቡብ 120 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ መንገደኛ ከረክ የምትባል ከተማ ይደርሳል። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው፣ ዙሪያውን ገደል በከበበው አምባ ላይ ተቀምጣለች። በአምባው ደቡባዊ ጫፍ ደግሞ ከ880 ዓመታት በፊት ግንባታው የተጀመረ ታላቅ ምሽግ ፈርሶም ቢሆን ዛሬም ይታያል። አምባ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ ነገር አይደለም። የሀገራችን መሳፍንትም ጠላት ሲበረታባቸው የሚወጡት ወደ አምባ ነበር።

ይህን ስፍራ ለመጎብኘት የመረጥነው ለድንጋዩ ብለን አይደለም። ከረክና አካባቢዋ አንድ ጥያቄ ስለሚያነሡብን ነው። ሰውን የሚጠብቀው ምንድን ነው? ግንብ ነው ወይስ ቃል? መልሱን ፍለጋ ስንሄድ ታሪኩ መጨረሻ ላይ ወደ ሀገራችን ወደ ሐበሻ ምድር ይመልሰናል።

አምባውና ግንቡ

ምሽጉ በርዝመቱ 220 ሜትር ያህል ሲሆን በሰሜን በኩል ሰፊ፣ በደቡብ በኩል ጠባብ ነው። በስተ ደቡብ ከፊት ለፊቱ ኡሙ ሰልጅ የሚባል ከእሱ የሚበልጥ ኮረብታ ስላለ፣ ገንቢዎቹ በሁለቱ መካከል ጥልቅ ጉድባ ቆፍረዋል። በስተ ሰሜንም ከተማውን ከምሽጉ የሚለይ ሌላ ጉድባ አለ። በምዕራብ በኩል ቁልቁል ሲመለከቱ ሙት ባሕር ከሩቅ ይታያል።

ወደ ውስጥ ስንዘልቅ በድንጋይ ቅስት የተሸፈኑ ረጃጅም ጨለማ አዳራሾች ተቀበሉን። ከፊሉ የፈረሶች ጋጥ፣ ከፊሉ የወታደሮች ማደሪያ እንደነበር ይነገራል። በወጥ ቤቱ በኩል የወይራ ፍሬ ይደቆስባቸው የነበሩ ክብ ድንጋዮችና የዳቦ መጋገሪያ ምድጃ ይገኛሉ። ግድግዳውን ልብ ብሎ የተመለከተ ሰው የድንጋዩ ዓይነት እንደሚለያይ ያስተውላል። ጠቆር ያለውና ሸካራው የመስቀል ጦረኞቹ ሥራ ነው። ነጣ ያለውና ተስተካክሎ የተጠረበው ደግሞ ከእነሱ በኋላ የመጡት ሙስሊም ገዢዎች ሥራ ነው። ስለዚህ ግድግዳው ራሱ እንደ መጽሐፍ ይነበባል ማለት ነው።

ምሽጉን እ.ኤ.አ. በ1142 ማሠራት የጀመረው የኢየሩሳሌም የመስቀል ጦረኞች መንግሥት መኳንንት የነበረው ፓየን የተባለ ሰው ነው። (ከዚህ በኋላ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ስፍራው የተመረጠው በምክንያት ነው። ከደማስቆ ወደ ግብጽ የሚሄደው የነጋዴ መንገድና ወደ መካ የሚወርደው የሐጅ መንገድ በዚህ አካባቢ ያልፋሉ። ከረክን የያዘ ሰው የሙስሊሞቹን ሁለት ታላላቅ ሀገሮች፣ ሻምንና ግብጽን፣ የሚያገናኘውን ጉሮሮ ያዘ ማለት ነበር።

ቃሉን የማያከብር ጌታ

በ1170ዎቹ አጋማሽ ምሽጉ ሬኖ ደ ሻቲዮን በሚባል ፈረንሳዊ እጅ ገባ። ዐረቦች አርናጥ ይሉታል። ይህ ሰው ቀደም ሲል በሙስሊሞች ተማርኮ በሐለብ እስር ቤት 15 ዓመታት ያህል አሳልፏል። ከተፈታ በኋላ የከረክን ወራሽ ወይዘሮ እስቴፋኒን አግብቶ የአካባቢው ጌታ ሆነ።

በ1180 የኢየሩሳሌሙ ንጉሥ ባልድዊን አራተኛና ሱልጣን ሰላሑዲን አል-አዩቢ ነጋዴዎች በሰላም እንዲያልፉ የሚያስችል የእርቅ ውል ተዋዋሉ። አርናጥ ግን በማግስቱ 1181 ወደ ተይማ በረሃ ወርዶ ቅፍለት ዘረፈ። ንጉሡ ንብረቱን እንዲመልስ ቢያዘው እምቢ አለ። በዚህም አላበቃም። በ1182 መጨረሻ ገደማ መርከቦችን በክፍል በክፍል አሠርቶ በግመል ጭኖ ወደ ዐቀባ ባሕረ ሰላጤ አወረደና በቀይ ባሕር ላይ አሠማራቸው። ከአፍሪካ ወደ ጂዳ የሚሻገሩ ሑጃጆች የሚሳፈሩባት የዐይዛብ ወደብ ተወረረች፤ መርከቦችም ተቃጠሉ። ወራሪዎቹ ወደ መዲና አካባቢ ተቃርበው ሳለ በባሕር ኃይል አዛዡ ሑሳሙዲን ሉእሉእ እጅ ወደቁ።

በ1183 ሰላሑዲን ከረክን ከበበ። በዚያው ጊዜ በምሽጉ ውስጥ ሠርግ ነበር፤ የእስቴፋኒ ልጅ ሐምፍሬ የንጉሡን እህት ኢዛቤላን እያገባ ነበር። የመስቀል ጦረኞቹ የራሳቸው ታሪክ ጸሐፊ እንደተረከው፣ የሙሽራው እናት ከሠርጉ ምግብ ለሰላሑዲን ላከችለት። እሱም ሙሽሮቹ ያሉበት ግንብ የትኛው እንደሆነ ጠይቆ መንጀኒቆቹ በዚያ ላይ ድንጋይ እንዳይወረውሩ አዘዘ። ልብ በሉ፤ ይህን የመሰከረለት ወዳጁ ሳይሆን ጠላቱ ነው። የንጉሡ ጦር ሲደርስ ሰላሑዲን ከበባውን ትቶ ተመለሰ። በ1184ም ሞክሮ ምሽጉ አልተደፈረም።

በ1185 ለአራት ዓመት የሚቆይ ሌላ ውል ተፈረመ። ነገር ግን ሁለት ዓመት እንኳ ሳይሞላ አርናጥ ከካይሮ ወደ ደማስቆ የሚጓዝ ታላቅ ቅፍለት ዘርፎ መንገደኞቹን በከረክ አሰረ። አዲሱ ንጉሥ ጊ ምርኮኞቹን እንዲለቅ ቢጠይቀው፣ በግዛቱ ላይ ራሱ ጌታ እንደሆነና ከሙስሊሞች ጋር እሱ የገባው ውል እንደሌለ መለሰ። ሰላሑዲንም ይህን ሰው አላህ በእጁ ቢጥልለት በገዛ እጁ እንደሚገድለው ማለ።

ግንቡ ሳይፈርስ ምሽጉ ወደቀ

ውድ አድማጮቻችን፣ ከዚህ በኋላ የሆነው ብዙዎቻችሁ የምታውቁት ነው። ሐምሌ 4 ቀን 1187 በሒጢን የመስቀል ጦረኞቹ ሠራዊት ተደመሰሰ። ንጉሥ ጊና አርናጥ ተማርከው በሰላሑዲን ድንኳን ቀረቡ። ሱልጣኑ በውሃ ጥም ለተቃጠለው ንጉሥ ቀዝቃዛ መጠጥ ሰጠው። ንጉሡ ጠጥቶ ጽዋውን ለአርናጥ ሲያቀብለው ግን ሰላሑዲን ያጠጣው እሱ አለመሆኑን በአስተርጓሚ አስታወቀ። በዐረቦች ልማድ ምርኮኛ ከማራኪው እጅ ከበላ ወይም ከጠጣ ነፍሱ ተጠብቃለችና። ሰላሑዲን መሐላውን ፈጸመ። ንጉሡን ግን አልነካውም፤ በኋላም ለቀቀው። በዚያው ዓመት ጥቅምት 2 ቀን በይቱል መቅዲስ በስምምነት እጇን ሰጠች።

ከረክስ? ጌታዋ ቢሞትም ግንቧ እንዳለ ነበር። እስቴፋኒ ልጇ ሐምፍሬ እንዲፈታላት ለመነች፤ ሰላሑዲንም ምሽጎቹ እጃቸውን ከሰጡ እንደሚለቅላት ቃል ገባ። ወታደሮቹ አሻፈረን ባሉ ጊዜ እናቲቱ በቃሏ ጸንታ ልጇን መልሳ ለእስር እንደላከችው ይተረካል። ሰላሑዲንም ከጊዜ በኋላ ያለ ቤዛ ለቀቀው። በአንድ ቤት ውስጥ ቃሉን የበላ ባልና ቃሏን የጠበቀች ሚስት መኖራቸው ሊያስገርመን ይገባል።

የሰላሑዲን ወንድም አል-ዓዲል የሚመራው ጦር ምሽጉን ከአንድ ዓመት በላይ ከበበው። በመጨረሻም በ584 ዓመተ ሒጅራ በረመዷን ወር፣ ማለትም በ1188 መገባደጃ፣ ከረክ እጇን ሰጠች። ያ ሁሉ ግንብ በመንጀኒቅ አልተናደም። በውስጡ ያሉትን ያንበረከካቸው ረሃብ ነው። የሚደርስላቸው ጦር አልነበረም፤ ጦሩ በሒጢን አልቋል። ለሒጢን ጦርነት ምክንያት ከሆኑት ነገሮች አንዱ ደግሞ የገዛ ጌታቸው ያፈረሰው ውል ነው።

ከምሽጉ በታች ያለችው ከተማ

ከዚያ ወዲህ ከረክ የአዩቢዮች፣ ከ1263 ጀምሮም የመምሉኮች ሆነች። ሱልጣን በይበርስ ምሽጉን አጠናከረው። በከተማዋ ቅጥር ላይ በስሙ የሚጠራው ግንብ እስከ ዛሬ ቆሟል። በ1326 ከደማስቆ ከሐጅ ቅፍለት ጋር የወረደው ታዋቂው ተጓዥ ኢብን በጡጧም ከረክን አይቷል። ምሽጉ የቁራ ምሽግ እንደሚባልና በሩ ከአለት ተፈልፍሎ እንደተሠራ፣ ሑጃጆቹም ከከተማዋ ውጭ አራት ቀን ዐርፈው ለበረሃው ጉዞ እንደሚሰናዱ ጽፏል። እንግዲህ ሑጃጅ ይዘረፍበት የነበረው ስፍራ ሑጃጅ የሚያርፍበት ሆነ። የመንገዱም የግንቡም ድንጋይ ያው ነው፤ የተለወጠው በመንገዱ ላይ ያለው ሰው ነው።

ከምሽጉ በር ወጥተን በከተማዋ ጠባብ መንገዶች ስናልፍ ገበያው ደርቶ አገኘነው። ከረክ በጀሚዷ ትታወቃለች። ጀሚድ ከበግና ከፍየል እርጎ ተዘጋጅቶ እንደ ድንጋይ እስኪጠነክር የሚደርቅ ነው። በውሃ ተበጥብጦ ከሥጋና ከሩዝ ጋር ሲቀርብ መንሰፍ የሚባለውን የዮርዳኖሶች የክብር ምግብ ይሆናል። በከተማዋ ሙስሊሞችና ክርስቲያኖች ለዘመናት አብረው ኖረዋል።

ምሽጉ በእኛም ዘመን ደም አይቷል። ታኅሣሥ 9 ቀን 2009 ዓ.ም (ዲሴምበር 18 ቀን 2016) ታጣቂዎች ወደ ምሽጉ ገብተው ተኩስ ከፈቱ። የጸጥታ አባላት፣ የአካባቢው ነዋሪዎችና አንዲት ካናዳዊት ጎብኚ ተገደሉ። ራሱን እስላማዊ መንግሥት ብሎ የሚጠራው ቡድንም ኃላፊነቱን ወሰደ። ዑለማዎች እንደሚያስተምሩት በፈቃድ ወደ ሙስሊሞች ሀገር የገባ እንግዳ በአማን፣ ማለትም በደኅንነት ቃል ኪዳን ሥር ነው። መንገደኛን የገደለ ሰው በሰላሑዲን ስም ቢምልም የሄደው በአርናጥ መንገድ ነው።

የጀዕፈር ጎረቤት

ከከረክ ወደ ደቡብ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ስንጓዝ ሙእታ ደረስን። ከዚያም አልፎ መዛር በምትባለው ከተማ የሦስት ታላላቅ ሶሐባዎች መቃብር ይገኛል፤ የዘይድ ኢብን ሓሪሳ፣ የዐብዱላህ ኢብን ረዋሓና የጀዕፈር ኢብን አቢ ጧሊብ (ረ.ዐ)።

የሙእታ ዘመቻ በ8ኛው ዓመተ ሒጅራ (629) የተደረገው ለምን ነበር? ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ወደ ቡስራ የላኩት መልእክተኛ ሓሪስ ኢብን ዑመይር በመንገድ ላይ በአካባቢው ገዢ ስለተገደለ ነው። መልእክተኛ እንደማይነካ በዚያ ዘመን በሁሉም ዘንድ የታወቀ ነበር። ሦስት ሺህ ሙስሊሞች ዘመቱ። ሦስቱ አዛዦች ተራ በተራ ሸሂድ ሆኑ። ጀዕፈር ሁለት እጆቹን አጣ። በአካሉ ላይ ከሃምሳ በላይ ቁስል ተቆጥሮ አንዱም ከጀርባው እንዳልነበረ በሐዲስ ተዘግቧል።

ይህ ጀዕፈር ማን ነው? በነጃሺ አዳራሽ ቆሞ ስለ ሙስሊሞቹ የተናገረው ነው። ቁረይሾች ስጦታ አስይዘው ስደተኞቹን እንዲያስረክቧቸው መልእክተኞች በላኩ ጊዜ፣ ነቢዩ እውነት መናገርን፣ አደራን መመለስንና ጎረቤትን ማክበርን እንዳስተማሯቸው ለንጉሡ አስረዳ። ያኔ የክርስትና እምነት ተከታይ የነበሩት ነጃሺም ስጦታውን መልሰው ለስደተኞቹ የገቡትን ቃል ጠበቁ። ጀዕፈር በሀገራችን ከአሥር ዓመት በላይ ኖሯል፤ ልጁ ዐብዱላህም የተወለደው እዚሁ ነው። ነጃሺ ባረፉ ጊዜ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በመዲና ሆነው ሰግደውባቸዋል።

እንግዲህ ሁለቱን እናነጻጽር። አርናጥ ግንብ ነበረው፤ ቃል አልነበረውም። ነጃሺ ለነዚያ ስደተኞች የሰጧቸው የድንጋይ ግንብ ሳይሆን ቃል ነበር፤ በዚያ ቃል ውስጥ አንድ ትውልድ ተጠለለ። ነገሩ የሙስሊምና የክርስቲያን ጉዳይ እንዳልሆነም ከዚህ እንረዳለን። የቃል አክባሪና የቃል አፍራሽ ጉዳይ ነው።

ለቤታችን

ቅዱስ ቁርኣን በሱረቱል ኢስራእ 34ኛው አንቀጽ ቃል ኪዳንን እንድንሞላ ያዘናል፤ ስለ እሱም እንደምንጠየቅ ያስታውሰናል። ይህ ለሱልጣኖች ብቻ የተነገረ አይደለም። በዮርዳኖስና በሌሎች የዐረብ ሀገሮች በሰው ቤት ለሥራ የተሠማሩ ብዙ እህቶቻችን አሉ። እነሱን የሚጠብቃቸው ግንብ የለም፤ ያላቸው ከመሄዳቸው በፊት የተገባላቸው ቃል ብቻ ነው። ይህን ያህል ደመወዝ ታገኛለሽ ብሎ የላከ ደላላ፣ ወር ሲሞላ የላቧን ዋጋ የሚከለክል አሠሪ፣ የላከችውን ገንዘብ አደራ ተቀብሎ የሚያጠፋ ዘመድ፣ ሁሉም ከአርናጥ ጋር አንድ መንገድ ላይ ናቸው። የመንገደኛን ሀብት ለመብላት ምሽግ መሥራት አያስፈልግም።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፣ ለልጆቻችን የምንገባውን ትንሿን ቃል እንኳ እንጠብቅ። ልጅ ቃል ማክበርን ወይም ማፍረስን መጀመሪያ የሚማረው በቤቱ ነው። ነጋዴዎቻችን ቀጠሮአቸውን፣ ተበዳሪዎቻችን ዕዳቸውን ያስቡ።

አላህ (ሱ.ወ) ቃላቸውን ከሚሞሉት ያድርገን። በሰው ሀገር ያሉ እህቶቻችንንና ወንድሞቻችንን ይጠብቅልን። አሚን።