የወላጆች መብት በልዩ ፍላጎት ትምህርት ውሳኔዎች

የወላጆች መብት በልዩ ፍላጎት ትምህርት ውሳኔዎች ሲባል፣ አካል ጉዳት ያለበት ልጅ የት፣ በምን ዓይነት ክፍልና በምን ድጋፍ እንደሚማር ሲወሰን ወላጅ ወይም አሳዳሪ የማወቅ፣ የመሳተፍ፣ የመስማማትና ቅሬታ የማቅረብ መብቱ ነው። በኢትዮጵያ መብቱ ከሕገ መንግሥቱ፣ ከቤተሰብ ሕግና አገሪቱ ካጸደቀቻቸው ስምምነቶች ይመነጫል። በአማራ ክልል እንደ ወግዲ ባሉ የገጠር ወረዳዎች ግን ወሳኙ ጥያቄ ብዙውን ጊዜ ልጁ የሚማርበት ቦታ በአቅራቢያ መኖር አለመኖሩ ነው።

የሕግ መሠረት

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ልጆችን በሚመለከት ማንኛውም ርምጃ የልጁ ደኅንነት በቀደምትነት እንዲታሰብ ያዛል። በአንቀጽ 41 ደግሞ መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን ለአካል ጉዳተኞች ድጋፍ እንዲመድብ ግዴታ ይጥላል። በአማራ ክልል የቤተሰብ ጉዳይ የሚዳኘው በክልሉ የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 79/1995 ነው። አባትና እናት የልጃቸው አሳዳሪና ሞግዚት በመሆናቸው በትምህርቱ ጉዳይ ስለ ልጁ የሚናገሩት በቅድሚያ እነሱ ናቸው። በአዋጅ ቁጥር 676/2002 የጸደቀው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 24 ማንም ልጅ በአካል ጉዳቱ ምክንያት ከነጻና ግዴታ ከሆነ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት እንዳይገለል ያዛል።

አሠራር

ትምህርት ሚኒስቴር በ1998 ዓ.ም. የልዩ ፍላጎት ትምህርት ስትራቴጂ አወጣ፤ በ2004 ዓ.ም. አካቶ ትምህርትን ማዕከል በማድረግ ከለሰው። በዚህ አካሄድ አንድ ትምህርት ቤት የድጋፍ ማዕከል ይሆንና ተዘዋዋሪ መምህር በዙሪያው ያሉትን ትምህርት ቤቶች ያግዛል። ለልጁም ግለሰባዊ የትምህርት ዕቅድ ይዘጋጃል። ዕቅዱ ልጁ አሁን ምን መሥራት እንደሚችል፣ ምን ላይ እንዲደርስ እንደታሰበ፣ ማን ምን እንደሚያግዘውና መቼ እንደሚገመገም ይይዛል። ጉዳቱ መቼ እንደጀመረ፣ ልጁ በቤት ውስጥ በምን ምልክት እንደሚግባባና መድኃኒት ይወስድ እንደሆነ የሚያውቀው ወላጅ ስለሆነ፣ ያለ እሱ የሚጻፍ ዕቅድ ጎዶሎ ነው። ማንበብ ለማይችል ወላጅ ተሳትፎው ትርጉም የሚኖረው ዕቅዱ ሲነበብለት ነው።

በውሳኔ ያልተስማማ ወላጅ ለርእሰ መምህሩ፣ ለወላጅ ተማሪ መምህር ሕብረት (ወተመህ)፣ ቀጥሎም ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ማመልከት ይችላል። ከትምህርት መዋቅሩ ውጭ የእንባ ጠባቂ ተቋምና የሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን አቤቱታ ይቀበላሉ።

በወግዲና በአካባቢው

ወግዲ በደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ጫፍ ላይ የሚገኝ ወረዳ ሲሆን፣ ደጋው ወደ ዓባይ ሸለቆ የሚያዘቀዝቅ ገደላማ አገር ነው። ዘመናዊ ትምህርት ከመግባቱ በፊት በወሎ ዓይነ ስውር ልጅ የሚላከው ወደ የኔታ ወይም ወደ ሼኹ ነበር፤ ዜማውም ቁርአኑም በጆሮ ስለሚጠና ልጁ ከእኩዮቹ አይለይም ነበር። መስማት ለተሳነው ልጅ ግን ይህ መንገድ ዝግ ነበር።

የልደት ማስረጃ በሌለበት ገጠር ልጅ ለአንደኛ ክፍል መድረሱ የሚፈተነው፣ እጁን በአናቱ ላይ አሳልፎ የማዶውን ጆሮ መንካት በመቻሉ ነው። ፈተናው ጆሮው ይሰማ ወይም ዓይኑ ያይ እንደሆነ አይነግርም፤ ክንዱ የተጎዳን ልጅ ደግሞ ዕድሜው ደርሶም ሊያስቀር ይችላል። ስለዚህ ችግሩን በምዝገባ ቀን መናገር፣ ልጁ ከፊት እንዲቀመጥና በጤና ባለሙያ እንዲታይ መጠየቅ የመብቱ የመጀመሪያ እርከን ነው።

ከባዱ ምርጫ የሚመጣው ልዩ ክፍሎች በከተማ ሲሆኑ ነው። ወላጅ መስማት የተሳነውን ልጁን የምልክት ቋንቋ የሚያውቅ መምህር በሌለበት የቀበሌ ትምህርት ቤት ያስቀምጣል፣ አለዚያም ወደ ከተማ ልኮ ዘመድ ጋር ያስጠጋዋል። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ የቀጠለው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶችን ስለዘጋ ምርጫው ይበልጥ ጠብቧል።

የወላጆች ተነሣሽነት

ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ኦቲዝም ያለበትን ልጃቸውን በዘላቂነት የሚያስተምር ትምህርት ቤት ሲያጡ፣ በ1994 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በኒያ ፋውንዴሽን ሥር ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን አቋቋሙ። ነህምያ የኦቲዝም ማዕከልም የወላጆች ጥረት ውጤት ነው። ሁለቱም ማዕከላት የተወለዱት መዋዕለ ሕጻናትና ትምህርት ቤቶች ልጆችን አንቀበልም ካሉበት ልምድ ነው።

ንጽጽርና ገደብ

በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣው ሕግ ወላጅን የዕቅድ ቡድኑ አባል አድርጓል፤ ልጁ ለመጀመሪያ ጊዜ በልዩ ትምህርት ከመመደቡ በፊትም ስምምነቱን ይጠይቃል፤ ክርክር ሲነሣም ገለልተኛ ሰሚ ጉዳዩን ያያል። በኢትዮጵያ የወላጅ ድርሻ በስትራቴጂና በመመሪያ ቢታወቅም እንዲህ ያለ ለልዩ ትምህርት ብቻ የቆመ የክርክር ሥርዓት አልተዘረጋም።

መብቱ ወሰን አለው። የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አፈጻጸም ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው አጠቃላይ አስተያየት ቁጥር 4፣ መማር የልጁ እንጂ የወላጁ መብት እንዳልሆነና የወላጅ ኃላፊነት ከልጁ መብት በታች እንደሆነ ገልጿል። በዚህ መሠረት ትምህርት ቤት እምቢ ሲል መከራከር የወላጅ መብት ነው፤ ሰው ምን ይላል ብሎ ልጅን ከቤት ማዋል ግን አይደለም።